ፖምፓውን ሳትፈቱ ሞተሩን አሳድሩት

በጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ጋራዦች፣ አንድ ፍርድ ያለ ክርክር ይጸድቃል። ያረጀ የጭነት መኪና ጠዋት ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጢስ ካወጣና ሚኒሞ አልይዝ ካለ፣ ጥፋተኛው የናፍጣ መርጫው ፖምፓ ነው፤ ፖምፓው ካልሆነ ኖዝሎቹ ናቸው። ሁለቱም ተሠርተው መንቀጥቀጡ ካልቀረ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ይታደስ» ይባላል። ሹፌሩ ያምናል፣ ባለንብረቱ ይከፍላል፣ መካኒኩም ከልቡ እንደዚያ ነው ብሎ ያስባል። እኔ ግን ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ ነው እላለሁ። ሞተሩ የሚታመመው አድሮ በሚነሳባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ መካኒኩ የሚያየው ግን ከሞቀ በኋላ ነው። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ቆሞ ያላየ ሰው ፖምፓ ለመኮነን የሚያበቃ ማስረጃ በእጁ የለም።

የተለመደውን አካሄድ እንመልከት። ከባድ መኪና በከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ ሹፌሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ብርዱ በጠናበት ጊዜ ነው። ካቢኑ ይርገፈገፋል፤ ዓይን የሚለበልብ ነጭ ጢስ ግቢውን ይሞላዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ረግጦ ይዞ ያሞቀዋል፣ ጭነቱን ያደርሳል፣ ሥራው ጋብ ሲልለት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ጋራዥ ይደርሳል። «ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል» ይላል። መካኒኩ ሲያስነሳው ሞተሩ አንዳች ነገር እንደሌለበት ይዞራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሞቀ ሞተር በሽታውን የሚደብቅ ሕመምተኛ ነው። መካኒኩ ግን ደንበኛውን እንዲሁ መሸኘት ስለማይሆንለት ከልምዱ ተነስቶ ይገምታል። ግምቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፖምፓው ይውረድ።

ሌላም ወገን አለ፤ «ብርድ ነው፣ ሲሞቅ ይተወዋል» የሚል። ይህኛው ገንዘብ ስለማያስወጣ ጨዋ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ያልነደደ ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል፣ ወደ ታች ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ያ ሞተር በየጠዋቱ የፒስቶን ፋሻውን እየበላ ነው። ሁለቱ ወገኖች የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፤ አንዱም ቀዝቃዛውን ሞተር አልመረመረም።

ይህ ስህተት ድሮም ገንዘብ ያስወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤት ያፈርሳል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያገለገለ ተሽከርካሪ ወደ አገር ማስገባት እጅግ ተወድዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ስለዚህ አሮጌው አይሱዙ ኤንፒአር በአዲስ የሚተካ አይደለም፤ የቤተሰብ እንጀራ ነውና ተጠግኖ መሥራት አለበት። ከሶማሌ ተራ በውድ የተገዛ ኖዝል ደህናውን ኖዝል ተክቶ ሲገባ የባከነው ገንዘብ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የምቆጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጉለሌ ብርድ እንምጣ፤ ነገሩ ከሌላው አካባቢ የሚለይበት ምክንያት አለውና። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። አየሩ በፒስቶን ታምቆ ሲግል፣ የተረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሐሳብ በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ በሚሠራ ሞተር ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። ጉለሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ተዘርግቶ የሚገኝ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስስ ነው፤ ናፍጣውም እሳት ለመያዝ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት፣ ብረቱ ራሱ በርዶ ሙቀቱን ይመጠዋል፤ ባትሪው ይደክማል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ ያዞረዋል። በዝግታ የታመቀ አየር ደግሞ ግለቱን ለብረቱ እያካፈለ፣ በፋሻው በኩልም እያመለጠ ይቀዘቅዛል። ሐዋሳ ወይም አዳማ ላይ የማይታወቅ ጥቃቅን ጉድለት ጉለሌ ላይ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ነው። አንዲት የሞተች ማሞቂያ፣ አንድ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ፣ አንድ የደከመ ባትሪ ይበቃል።

ከፍታው የሚያመጣው ሌላ ጣጣም አለ፤ ጠንከር ብዬ የምናገረውም ስለ እሱ ነው። ጥሩ መካኒክ የኮምፕሬሽን መለኪያ ይሰካል። ግምትን ትቶ ልኬት መያዙ ያስመሰግነዋል። ከዚያ ግን የተገኘውን ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ያስተያየዋል፤ መጽሐፉ ደግሞ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። መጽሐፉ 30 ባር ቢል፣ ያው ጤነኛ ሞተር ጉለሌ ላይ የሚያሳየው 22 ወይም 23 ገደማ ነው። ሞተሩ አላረጀም፤ የታመቀው አየር ገና ከመነሻው ያነሰ ነበር። ብዙ የጥገና መጻሕፍት የመጨረሻ ወሰን ብለው የሚያስቀምጡት ቁጥር ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ደህና ሞተር «ከወሰን በታች ነው» ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። ያ መለኪያ በደከመ ባትሪ ከተወሰደ ደግሞ ቁጥሩ ገና ይወርዳል። እኛ ማየት ያለብን የሲሊንደሮቹን ልዩነት ነው። አራቱም 22 ቢሉ ሞተሩ ይኖራል። ሦስቱ 22 ብለው አንዱ 16 ቢል በሽታው የት እንዳለ ታወቀ። በከፍተኛ ቦታ የሚሠራ ጋራዥ ሁሉ ይህን ስሌት ግድግዳው ላይ ሊጽፈው ይገባ ነበር። የቴክኒክ ተማሪዎቻችንም ከመጽሐፉ ቁጥር እኩል እንዲያውቁት እመኛለሁ፤ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን የመሰለ ተቋም እዚሁ ተራራው ሥር ይዘን፣ ተማሪው ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ሸምድዶ መውጣት የለበትም።

«እንዲህ ብትልም ፖምፓ አሠርተው የዳኑ መኪኖች በዓይናችን አይተናል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ፖምፓ ሲወርድና ሲመለስ ሌላ ምን ይሠራል? የነዳጅ ፊልትሮው ይለወጣል። በታችኛው ጽዋ የተጠራቀመው ውኃ ይደፋል። የላሉ ቱቦዎች ይጠብቃሉ፤ የደረቁ ሮንዴላዎች በአዲስ ይተካሉ። መስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፖምፓ ተገፍቶ ይወጣል። አንዳንዴም «እግረ መንገዳችንን» ተብሎ ቫልቭ ይስተካከላል። መኪናው በማግስቱ ጠዋት ለስልሶ ሲነሳ ምስጋናውን ሁሉ ፖምፓው ይወስዳል። ያዳነው ግን በጥቂት ብር የተገዛው ሮንዴላ ሊሆን ይችላል። አምስት ነገር በአንድ ቀን ሠርቶ አንዱን መርጦ «ይህ ነው ያዳነው» ማለት ማስረጃ አይደለም። ለዚህም ነው ከወራት በኋላ ያው መንቀጥቀጥ ሲመለስ «ፖምፓው እንደገና ተበላሽቷል» የሚባለው። ቱቦው እንደገና ላልቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ፖምፓው ራሱ ምን እንደሆነ ብናስታውስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ቦሽ የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። ያ በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ ፒስቶኖች ያሉት ዓይነት በመላው ዓለም ለከባድ መኪና የተመረጠው ጽናቱ ታይቶ ነው። በአሰብ መንገድ ዘመን ስማቸው የገነነው ፊያት 682ዎች፣ ኤንትሬ እያልን የምንጠራቸው፣ ይህንኑ ዓይነት ፖምፓ የተሸከሙ ነበሩ። በብዙዎቹ አሮጌ ኤንፒአሮቻችን ላይ ያለው 4ቢዲ1 ሞተርም እንዲሁ። በንጹሕ ናፍጣ ከሠራ ለረጅም ዘመን የሚያገለግል ዕቃ ነው። በ4ጄቢ1 ሞተር ላይ የምናየው ክቡ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውኃና ነጭ ጋዝ ቶሎ ይጎዱታል። ለእሱ ቢሰጉለት አልቃወምም። ነገር ግን የተጎዳ ፖምፓ ጠዋት ብቻ አይታመምም፤ ሞቆም፣ ዳገት ላይም፣ ጭነት ላይም ምልክት ያሳያል። ጠዋት አምስት ደቂቃ ተንቀጥቅጦ ቀኑን ሙሉ ዳገቱን በደህና የሚወጣ መኪና ፖምፓው ደህና ነው ብሎ ራሱ እየመሰከረ ነው።

ፖምፓ መፍታት ጉዳት የሌለው ሙከራ እንዳይመስላችሁም። ሲመለስ ጊዜው በጥቂት ዲግሪ ከዘገየ ናፍጣው ዘግይቶ ይረጫል፤ የጠዋቱ ነጭ ጢስ ይብሳል፤ ያልነበረ በሽታ ተገዛ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ልማድ «ጉልበት እንዲኖረው ነዳጅ ጨምርለት» የሚባለው ነው። በስስ አየር ላይ የተጨመረ ናፍጣ የሚያቃጥለው ኦክስጅን አያገኝም፤ ጥቁር ጢስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ጫፍ የሚወጣውን መንገድ ከኋላቸው የሚከተል ሁሉ የሚተነፍሰው ያንን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መኪናው ከምሽቱ ጀምሮ ጋራዥ ይደር፤ ጠዋት ማንም ሳይነካው መካኒኩ ራሱ ያስነሳው። መጀመሪያ ግን የት እንደቆመ ይታይ። ጉለሌ ቁልቁለትና ዳገት ነው። አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ያደረ መኪና ሞተሩ ከታንከሩ ከፍ ስለሚል፣ አንድ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም የማይገጥም የፊልትሮ ጋስኬት ካለው ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ በቦታው አየር ይገባል። ያው መኪና በሁለተኛው ሌሊት አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ይደር። ጠዋት ለስልሶ ከተነሳ ፍለጋው ወደ ቱቦው ነው። ይህ ምርመራ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሆኖም ፖምፓ ከማስወረዱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው።

ቀጥሎ ጢሱ ይነበብ። ዓይን የሚለበልብ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጢስ ያልነደደ ነዳጅ ነው። ዓይን የማያቃጥል፣ የራዲያተሩ ውኃ እያነሰ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ይጠርጠር። ሰማያዊው ዘይት ነው። ጢሱ ንጹሕ ሆኖ፣ የሞተሩ ድምፅም ወጥ ሆኖ፣ የሚንቀጠቀጠው ካቢኑ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች እዩ። በብርድ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ጤነኛ ሞተርን ያሳማል። ሚኒሞው ከ600 ዙር በታች ወርዶ ከሆነም በመጠኑ ከፍ አድርጎ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።

ጢሱ ያልነደደ ናፍጣ ከሆነ፣ የታመመውን ሲሊንደር መለየት የሚቻለው በዚያችው ሰዓት ነው። ሞተሩ ገና እየተንቀጠቀጠ የየሲሊንደሩ የጢስ መውጫ ክንድ ላይ አንዳንድ ጠብታ ውኃ ይንጠብ፤ ጠብታ ብቻ፣ ብረቱ እንዳይሰነጠቅ። የሚነድደው ሲሊንደር ጠብታዋን ወዲያው ያደርቃታል፤ የማይነድደው ላይ ጠብታዋ ትቆያለች። በእንዲህ ያለ የድሮ ሞተር፣ በኮምፒውተር በማይታዘዘው ላይ፣ ወደ ኖዝሉ የሚገባውን የቱቦ ብሎን በየተራ ትንሽ ማላላትም ይቻላል። ሞተሩ የባሰ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር፤ ምንም ለውጥ ካላሳየ ሰነፉ እሱ ነው። እዚህ ላይ እጅና ዓይን ይጠበቁ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ እስከማስቆረጥ የሚያደርስ ጉዳትም ያመጣል።

ሰነፉ ሲሊንደር ከታወቀ በኋላ የኖዝል ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ሊመረመር ይችላል። የሚንጠባጠብ ኖዝል የጠዋት መንቀጥቀጥ ከሚያመጡት ዋነኞች አንዱ መሆኑን አልክድም። ግን የሚፈተንበት መንገድ አለው። የሰነፉን ሲሊንደር ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩና መኪናውን አሳድሩት። በማግስቱ ስንፍናው ከኖዝሉ ጋር ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ኖዝሉ ጥፋተኛ ነው፤ አንዱ ብቻ ይለወጥ። ስንፍናው እዚያው ከቀረ ደግሞ ኖዝሉ ነጻ ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ የሚያስለውጥ ሰው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልጠየቀም፤ በአጋጣሚ ቢድን እንኳ ለምን እንደዳነ አያውቅም።

ኖዝሉ ነጻ ከወጣ ማሞቂያ ካንዴላ ያላቸው ሞተሮች ላይ ማሞቂያው ይታይ። ሽቦው ተነቅሎ ከባትሪው ጋር በሙከራ አምፖል ይገናኝ፤ አምፖሉ ካልበራ ማሞቂያው ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ሲሞት የሚታየው ምልክት ደግሞ ፖምፓው የሚከሰስበት ምልክት ራሱ ነው፦ ነጭ ጢስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰላም። ሹፌሩም ምልክቷ መብራት እስክትጠፋ ሳይጠብቅ ቁልፉን የሚያዞር ከሆነ አራቱም ደህና ሆነው ያው ይመጣል። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት ነው። በ4ቢዲ1ም ሆነ በ4ጄቢ1 ልኩ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ ቀዝቃዛ ሞተር ፊት ቁሙ ብሎናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰነፉ ሲሊንደር ኮምፕሬሽኑ ከጓደኞቹ ብዙ ዝቅ ካለ፣ ያኔ ቴስታታው ይነሳ፤ ማንም አይቃወምም።

ቴርሞስታት አውጥቶ የመጣልን ልማድም በዚሁ መክሰስ እፈልጋለሁ፤ የጠዋቱን በሽታ የሚያረዝመው እሱ ነውና። «ዳገት ላይ እንዳይፈላ» ተብሎ ይወጣል። ጉለሌ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ፍርሃቱን እረዳለሁ። መፍላትን የሚከለክለው ግን ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ነው። በ80 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈተው ቴርሞስታት በሌለበት ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል። ወደ ፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጭነት ስለማይሰማው ሳይሞቅ ከተማ ይገባል። አምስት ደቂቃ ሊቆይ የሚገባው መንቀጥቀጥ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት የቆየ መንቀጥቀጥ ደግሞ ለፖምፓው ሌላ ክስ ይሆንበታል።

መካኒኮቻችን ይህን ሁሉ አያውቁም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ያውቃሉ። የማያደርጉት አይከፈላቸውምና ነው። በጋራዦቻችን ገንዘብ የሚከፈለው ለመፍታትና ለመግጠም ነው። ንጋት ላይ ተነስቶ፣ በብርዱ ቆሞ፣ ጢስ እያየና ጠብታ እያንጠባጠበ «ፖምፓህ ደህና ነው፣ ይህቺን ቱቦ ለውጥ» ለሚል መካኒክ ባለንብረቱ የቱቦዋን ዋጋ ሰጥቶ ይሄዳል። ፖምፓውን አውርዶ የሰቀለው ግን የሁለት ቀን የጉልበት ዋጋ ያገኛል። እንዲህ እያደረግን ምርመራ ከጋራዡ ጠፋ ብለን ብናማርር ማን ይሰማናል?

ስለዚህ ባለንብረቶች ሆይ፣ ከእናንተ ይጀምር። መኪናችሁን ማታ አስገቡ። ለጠዋቷ ምርመራ ብቻ የሚከፈል ዋጋ ከመካኒኩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ምንም ሳይፈታ ቢቀርም ክፈሉት። ፖምፓ ይውረድ ካለ ሰነፉ ሲሊንደር የትኛው እንደሆነ፣ ኖዝሉ ተቀያይሮ ምን እንደታየ፣ ኮምፕሬሽኑ በአራቱም ስንት ስንት እንዳለ በወረቀት ይስጣችሁ። ወረቀቱን ሊሰጣችሁ ካልቻለ ፖምፓው አይወርድም።